ፍሬሙን ከእንጨት ወደ አልሙኒየም ቀየርኩ፣ ሞዴሉ ግን ምንም ልዩነት አላሳየኝም

የቆጪ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ በትዕግሥት አንብቡልኝ።

ጅማ ቆጪ ነው ተወልጄ ያደግኩት። ቤታችንን የሠራው አባቴ ነው። አናጢ ነበር። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ በሲሚንቶ ተለስኗል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መስኮቶቹ ግን የዋንዛ ናቸው፤ ባለ ሁለት ተከፋች፣ ወደ ውጭ የሚከፈቱ። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። እስካሁን መስኮት ስከፍት መላጊያው ያለፈበት መሥመር በጣቴ ይታወቀኛል።

አሁን እማዬ መስኮቶቹን በሙሉ ወደ አልሙኒየም ልትቀይር ነው። የጓሮውን ክፍሎች ለተማሪዎች ታከራያለች። ተከራይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው መስኮቱን ነው ትላለች። እውነቷን ነው። አልሙኒየም የሚሠራው ሰው ቤት ድረስ መጥቶ ለካ። «እማማ፣ ይሄ እኮ ሙቀትም ብርድም አያስገባም» አላት። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። «አይደለም» ልል አፌ ላይ መጣ። ግን በእጄ የያዝኩት ማስረጃ ስላልነበረ ዝም አልኩ።

ሥራዬ ሥነ ሕንፃ ነው፤ ትንሽ የዲዛይን ቢሮ ውስጥ ነኝ። ኢነርጂ ፕላስ የሚባለውን፣ የሕንፃን ሙቀት የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ማታ ማታ ራሴን እያስተማርኩ ነው። ስለዚህ ሞዴል ሠራሁ። አንድ ክፍል ብቻ ወሰድኩ፤ ወደ ምዕራብ የሚያየውን፣ 3.5 በ4 ሜትር የሆነውን። መስኮቱ ወርዱ 1.20፣ ቁመቱ 1.40 ሜትር ነው። መስታወቱ ነጠላ፣ ባለ 4 ሚሊሜትር። መስኮቱን 1.20 በ1.40 አድርጌ ሳልኩና 10 ሳንቲሜትር ፍሬም ጨመርኩበት። ከዚያ ሁለት ጊዜ አስኬድኩት። «ፍሬም ኮንዳክታንስ» (ፍሬሙ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያስተላልፍ) የሚለው ቦታ ላይ አንዴ ለእንጨት 2.2፣ አንዴ ለአልሙኒየም 5.9 ሞላሁ። ቁጥሮቹን ያገኘሁት ከዩ-ቫልዩ ሰንጠረዥ ነው። የአየር ፋይሉ፣ ማለትም የዓመቱ የአየር ጠባይ መረጃ፣ የአዲስ አበባ ነው። ማሞቂያውን 20፣ ማቀዝቀዣውን 26 ዲግሪ አደረግኩት።

ሁለቱ ግራፎች ተደራርበው አንድ መሥመር ሆኑ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ነው።

እጄ ግን ሌላ ነገር ነው የሚነግረኝ። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ጎረቤት ዘንድ ሄጄ ነበር። የእነሱ ሳሎን አልሙኒየም ነው። ፍሬሙን በመዳፌ ነካሁት። ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር፤ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተጠራቅሟል። ቤት ተመልሼ የእኛን ነካሁ። እንጨቱ ደረቅ ነው፣ ለብ ያለ። ሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው አንድ አጥር ብቻ ነው።

ታዲያ የቱን ልመን? ፍሬም በእርግጥ ለቤቱ ሙቀት ዋጋ የለውም? ወይስ ሞዴሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ? እማዬ ለሰውየው ቀብድ ከመክፈሏ በፊት ባውቀው ደስ ይለኛል።


ስሌት በወረቀት፦

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን በዚህ ዝርዝር ስላቀረብሽው አመሰግናለሁ። ቁጥሮቹን ባትጽፊ ኖሮ ስህተቱን ማንም አያገኘውም ነበር። እኔም ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ ነው የተማርኩት፤ የጅማን ማለዳ አውቀዋለሁ።

እጅሽም ልክ ነው። ሞዴሉ ላይ ግን ሦስት ነገር ተሳስቷል። ከኮምፒውተሩ ተነሺና ወረቀት ያዢ።

መጀመሪያ ያ 5.9። ዩ-ቫልዩ ማለት በአንድ ሜትር ካሬ፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት፣ ስንት ዋት ያልፋል ማለት ነው። እዚያ ቁጥር ውስጥ ፍሬሙ ብቻ አይደለም ያለው። ከውስጥም ከውጭም ፍሬሙ ላይ ተለጥፎ የሚቆም ስስ የአየር ሽፋን አለ። የውስጡ ሽፋን መከላከያ 0.13፣ የውጩ 0.04 ነው። ድምሩ 0.17። አሁን 1ን ለ0.17 አካፍዪ። 5.88 ይመጣል። አየሽው? የአልሙኒየሙ 5.9 ከዚሁ ነው የመጣው። አልሙኒየም ራሱ ምንም አይከላከልም፤ የሚከላከለው አየሩ ብቻ ነው ማለት ነው።

ኢነርጂ ፕላስ ደግሞ ፍሬም ኮንዳክታንስ ሲልሽ የሚፈልገው ያለ አየር ሽፋኑ ያለውን ነው። ሽፋኑን እሱ ራሱ ይጨምረዋል። አንቺ 5.9 ስትሰጪው በላዩ ላይ 0.17ን ጨመረና አልሙኒየምሽን ወደ 2.9 አወረደው። እንጨትሽን ደግሞ ከ2.2 ወደ 1.6 አወረደው። በመካከላቸው የነበረው 3.7 ልዩነት 1.3 ሆነ። ባዶ አልሙኒየሙን ሳታውቂው የሙቀት ማቋረጫ ያለው ውድ ፕሮፋይል አደረግሽው።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። የእንጨቱን የሙቀት ማስተላለፊያ ቁጥር ለውፍረቱ (በሜትር) አካፍዪ። ለጠንካራ እንጨት 0.18 ይወሰዳል፣ ለለስላሳ 0.13። 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ካለው 0.18ን ለ0.05 ስታካፍዪ 3.6 ይሆናል። ለእንጨት የምትሞዪው 3.6 ነው። ለባዶ አልሙኒየም 500 ሙዪበት፤ አንዴ እዚያ ከደረሰ በኋላ ቁጥሩን ብታሳድጊውም ውጤቱ አይነቃነቅም።

ሁለተኛው ስህተት አብዛኛውን ሰው ይይዘዋል፤ እኔንም አንድ ሰሞን ይዞኛል። ኢነርጂ ፕላስ ውስጥ የምትስዪው መስኮት መስታወቱ ነው። ፍሬሙ ከዚያ ውጭ ይታከልና ከግድግዳው ላይ ይቀነሳል። 1.20 በ1.40 ስለሽ ዙሪያውን 10 ሳንቲም ስትጨምሪ መስኮትሽ 1.40 በ1.60 ሆነ። ሲሦ ያህል አደገ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በሁለቱም ጊዜ የመስታወቱ ስፋት አንድ ሆነ።

በእውነተኛው ቤት አንድ አይደለም። ያባትሽን መስኮት እንውሰድ። ዙሪያውን 10 ሳንቲም፣ መካከሉ ላይ ሁለቱ ተከፋቾች የሚገናኙበት 12 ሳንቲም ቢሆን፣ ለመስታወት የሚቀረው 88 ሳንቲም በ1.20 ነው። ወደ 1.06 ሜትር ካሬ። ከመስኮቱ 37 በመቶው እንጨት ነው! አልሙኒየም ተንሸራታች ቢሆን ዙሪያው 7፣ መካከሉ 5 ሳንቲም አካባቢ ነው። መስታወቱ 1.27 ይደርሳል።

አሁን ጠቅላላውን እናውጣ። የመስታወቱን ስፋት በዩ-ቫልዩው፣ የፍሬሙንም እንዲሁ አባዪና ደምረሽ ለጠቅላላው ስፋት አካፍዪ። ነጠላ መስታወት 5.8 ነው። የእንጨቱ መስኮት 4.5 አካባቢ ይመጣል። የአልሙኒየሙ 5.8። እንግዲህ ልዩነት አለ፤ ሩብ ያህል ነው። ግን ይህ ለክፍሉ ምን ማለት ነው? በ1.68 ሜትር ካሬ ላይ፣ ሌሊት ውስጥና ውጭ በ8 ዲግሪ ቢለያዩ፣ ልዩነቱ 18 ዋት ነው። አንድ ቁጠባ አምፖል።

ፀሐይዋን ግን ተመልከቺ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የምዕራቡን መስኮት ፊት ለፊት 500 ዋት በሜትር ካሬ ብትመታው፣ በአልሙኒየሙ በኩል የተጨመረው 0.21 ሜትር ካሬ መስታወት ብቻ 90 ዋት ገደማ ያስገባል። ከቁሱ ልዩነት አምስት እጥፍ። ስለዚህ በአንቺ ክፍል ውስጥ «ፍሬሙ ከምን ተሠራ» ከሚለው ይልቅ «ፍሬሙ ምን ያህል ሰፊ ነው፣ ምን ያህል መስታወት ይተዋል» የሚለው ይበልጣል። ይህን አብዛኛው ሰው አያስተውለውም።

ሦስተኛው የአየር ፋይሉ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ገደማ ናት። የአዲስ አበባ ፋይል የቦሌ ነው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ብትቀንሺ ክፍልሽን ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ያህል ወደ ብርድ ወስደሽዋል። ፒቪጂአይኤስ የሚባለው የአውሮፓ ኮሚሽን ነፃ አገልግሎት ላይ 7.67 ሰሜን፣ 36.83 ምሥራቅ ብለሽ አስገቢ፤ ለኢነርጂ ፕላስ የሚሆን ፋይል አዘጋጅቶ ይሰጥሻል።

ደግሞ ማሞቂያና ማቀዝቀዣውን አጥፊው እባክሽ። የእናትሽ ተከራዮች ማሞቂያ የላቸውም። ሞዴሉ የሌለ ማሽን እያሠራ ክፍሉን 20 እና 26 መካከል ይዞታል፤ ግራፉ እንዴት ይለያይ? ክፍሉን ልቀቂውና በራሱ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ እዪው።


የአጂፕ ብረት ቤት፦

ሰላም። እኔ በያጅ ነኝ፤ ኤልቲዜድ የሚባለውን የብረት መስኮት እሠራለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ብረት ሙቀት የሚያስተላልፈው ከአልሙኒየም በሦስት እጥፍ ያነሰ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ኤልቲዜድ ከአልሙኒየም ይሻላል ማለት አይደለም? ደንበኞቼን እንዲህ እያልኩ ነው የማስረዳው። ልክ ካልሆነ ማስተካከል እፈልጋለሁ።


ስሌት በወረቀት፦

ወንድሜ፣ ለመጠየቅህ አከብርሃለሁ። የሰማኸው ቁጥር ልክ ነው፤ አልሙኒየም 160፣ ብረት 50 ነው። ግን 3 ሳንቲሜትር ብረት የሚከላከለው 0.0006 ነው፤ አልሙኒየሙ 0.0002። ሁለቱም ከ0.17ቱ የአየር ሽፋን ጎን ሲቆሙ ከቁጥር አይገቡም። መስኮቱ ላይ ሲገቡ አንድ ናቸው። የኤልቲዜድ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ ሲበላሽ እዚሁ ይበየዳል። ለደንበኛህ ይህን ንገረው። ጥላም ጨምርለት፣ ቀጭን ስለሆነ መስታወቱ ይበዛል።


መጋዝና መላጊያ፦

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ኮምፒውተሩን አላውቀውም፤ ልጄ ነው ይህንን እያነበበ የሚጽፍልኝ። እንጨት ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ላግቻለሁ፤ ጅማ ውስጥም አጋሮ መንገድ ላይም። የሰጣችሁት ስሌት ደስ ብሎኛል። የጎደለ ነገር ስላለ ነው የገባሁት።

ልጄ፣ የአባትሽ መስኮት ሲዘጋ ክፍተቱ ስንት ነው? እሱን አልነገርሽንም። ዋንዛ ጥሩ እንጨት ነው፣ ቀላል፣ ብዙ የማይጣመም። ሆኖም እንጨት እንጨት ነው። ክረምት ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ መስኮቱ እምቢ ይላል፤ ሰው በትከሻው ይገፋዋል። ጥርና የካቲት ይደርቅና ይሸሻል። ያን ጊዜ ወረቀት አጥፈሽ በክፍተቱ ብታስገቢ ይገባል። እዚያ በኩል የሚያልፈውን አየር ማን ቆጠረው? አልሙኒየሙ ብሩሽና ጎማ አለው። ተንሸራታቹ ብሩሹ ሲያልቅ ያው ነው፣ አዲስ ሳለ ግን ከአሮጌ እንጨት ይሻላል። ይህን ለእውነት ስል ነው የምለው፤ እንጨት ወዳጄ ነው።

ሁለተኛ፣ ተንሸራታች መስኮት የሚከፈተው ግማሹ ነው። የአባትሽ ሙሉው ነው የሚከፈተው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በበጋ 9 ሰዓት ላይ ከዚህ የሚበልጥ ምን ጉዳይ አለ? ሰው ግማሹን አየር አጥቶ «አልሙኒየም ሙቀት ያመጣል» ይላል። አልሙኒየሙ አይደለም፣ አከፋፈቱ ነው። ተከፋች አልሙኒየምም አለ፤ ማጠፊያው ዋጋ ስለሚጨምር ሰው አይጠይቀውም እንጂ።

ሦስተኛ፣ የታችኛዋን የተከፋች እንጨት እዪ። የሚበሰብሰው ሁልጊዜ እሷ ናት። ማለዳ መስታወቱ ላብ ያወጣል። ያ ላብ ይወርድና መስታወቱን የያዘው ስቱኮ የተሰነጠቀበት ቦታ ይገባል። እንጨቱ ራሱ አላበውም፣ መስታወቱ ነው ያጠጣው። ቢላ ወስደሽ ጫፉን ወጋ አድርጊው። ከገባ ቀይሪው። ካልገባ አትንኪው። ምስጥም ካለ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት በኩል ነው የሚጀምረው፤ ጭቃ ግድግዳ ስለሆነ በደንብ እዪ።

ስለ ጥላም ልበል። ጅረን ወጥተሽ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እዪው። በረንዳውን ተመልከቺ። ያኔ የነበሩ አናጢዎች መስኮቱን ከመሥራታቸው በፊት ጥላውን ነው ያሰቡት።


ከቦሌ፦

አዲስ አበባ ሆቴሎች ላይ ነው የምሠራው፤ ትንሽ ልጨምር። ፍሬሙ ከምን እንደተሠራ ትልቅ ጉዳይ የሚሆነው መስታወቱ ሲሻሻል ነው። ድርብ መስታወት 2.8 አካባቢ ነው። 20 በመቶው ባዶ አልሙኒየም ከሆነ መስኮቱ 3.4 ይሆናል፤ እንጨት ወይም ፒቪሲ ከሆነ 2.7 አካባቢ። ያውም የመስታወቱን ጠርዝ ሳንቆጥር ነው። ሁለቱን መስታወቶች የሚያራርቀው ዘንግ ራሱ አልሙኒየም ነው፤ በእሱ በኩልም ሙቀት ይሾልካል። ለድርብ መስታወት ብዙ ከፍለው ባዶ ፍሬም ላይ የሚሰኩ ሰዎች አሉ፤ ገንዘባቸውን ነው የጣሉት። በነጠላ መስታወት ግን የቆጪ ልጅ፣ የፍሬሙ ቁስ ላይ ብዙ አትጨነቂ። መስታወቱ ራሱ ልክ እንደ ብረት ነው የሚያሳልፈው።


የቆጪ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። በተለይ ጋሼ፣ ልጅዎን ጭምር አመስግኑልኝ። ሦስት ሌሊት ሠራሁበት። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቢላውን ይዤ ዞርኩ። ስድስት መስኮት ነው ያለን። የአራቱ ታችኛ እንጨት ደህና ነው፤ ቢላው አልገባም። የሁለቱ ግን እንደ ዳቦ ገባ። ሁለቱም የምዕራብ ናቸው። ያላሰብኩት ነገር ደግሞ አየሁ። ስቱኮው የተሰነጠቀው በምዕራቡ በኩል ብቻ ነው። ፀሐይዋ ታደርቀዋለች፣ ይሰነጠቃል፣ የክረምቱ ላብ ይገባበታል። አንድ ጎን ላይ ያለው ሙቀትና ሌላው ወቅት ላይ ያለው ውሃ ተጋግዘው ነው እንጨቱን የበሉት።

ክፍተቱንም ለካሁ። ጋሼ እንዳሉት በታጠፈ ወረቀት። በሁለቱ መስኮቶች ላይ በማጠፊያው በኩል ሁለት እጥፍ ይገባል፤ በመገናኛው በኩል አራት እጥፍ።

ከዚያ ሞዴሉን እንደ አዲስ ሠራሁት። የጅማ ፋይል፤ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የለም፤ የመስታወቱ ስፋት ለየብቻ፤ የመካከሉን 12 ሳንቲም ዲቫይደር (መስታወቱን የሚከፍለው እንጨት) በሚለው ቦታ አስገባሁት፤ ኮንዳክታንሱ 3.6 እና 500። የሚከፈተውንም ስፋት ለእንጨቱ ሙሉ፣ ለተንሸራታቹ ግማሽ አደረግኩ። ምቾቱን የለካሁት በተፈጥሮ አየር ለሚኖር ቤት በሚሆነው መለኪያ ነው። የውጩን የሰሞኑን አማካይ ሙቀት በ0.31 አባዝቶ 17.8 የሚደምረው ማለቴ ነው። ለ20 ዲግሪ 24 ይመጣል፤ ወደ ላይና ወደ ታች 3.5 ይፈቅዳል። 27.5 ካለፈ ሰው ይቸገራል ማለት ነው።

ቁሱን ብቻ ስቀይር፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቼ፣ አሁንም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ማለዳ ላይ ይታያል፣ ቀን ላይ ይጠፋል። ተንሸራታቹን በሙሉ ጠባዩ ሳስገባው ግን፣ ብዙ መስታወትና ግማሽ መክፈቻ ይዞ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ክፍሉ አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ሞቀ። ያን ጊዜ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የጠየቅኩት ጥያቄ ራሱ ትክክል አልነበረም። «እንጨት ወይስ አልሙኒየም» ብዬ ነበር የጠየቅኩት። መጠየቅ የነበረብኝ መስኮቱ ምን ያህል መስታወት እንዳለው፣ ምን ያህል እንደሚከፈትና ሲዘጋ ምን ያህል እንደሚያፈስስ ነው።

የእጄንም ነገር አሰላሁት፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ውስጡ 19፣ ውጩ 12 ዲግሪ ቢሆን የአልሙኒየሙ የውስጥ ፊት 13.6 ዲግሪ ነው። የእንጨቱ 17። የክፍሉ እርጥበት 75 በመቶ ሲሆን አየሩ ጤዛ የሚጥለው 14.5 ላይ ነው። አልሙኒየሙ ከዚያ በታች ነው፣ እንጨቱ ከዚያ በላይ። ያን ዕለት ማለዳ መዳፌ የነካው ይህን ነበር። ለክፍሉ 18 ዋት ብቻ ነው። ደፉ ላይ ለሚጠራቀመው ውሃና ግድግዳው ላይ ለሚወጣው ሻጋታ ግን ትልቅ ነገር ነው። ሞዴሉ የክፍሉን ሙቀት እንጂ ደፉን አያሳየኝም ነበር።

አንድ ነገር ላክልበት። ኮርኒሱ ላይ መከላከያ ጨምሬ አስኬድኩት፣ ዝም ብዬ ለማየት። ከሰዓት በኋላ ያለው ሙቀት ከ3 ዲግሪ በላይ ወረደ። ከየትኛውም መስኮት ይበልጣል። በወረቀትም አረጋገጥኩት። 14 ሜትር ካሬ ጣሪያ በግምት 2.5 ዩ-ቫልዩ ቢኖረው በየዲግሪው 35 ዋት ያሳልፋል። በሁለቱ መስኮቶች መካከል ያለው ልዩነት ግን 2.3 ዋት ነው።

ከእማዬ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ቁጥር አላነበብኩላትም። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የምዕራቡን ክፍል ከፍቼ ወንበር አስገባሁላትና «እስኪ እዚህ ቆይ» አልኳት። ትንሽ ቆየች። ከዚያ፣ «አቮካዶዋን ባልቆርጣት ኖሮ» አለች። የጓሮውን ክፍል ስትሠራ የቆረጠቻት ዛፍ ናት፤ ልክ መስኮቱ ፊት ነበረች። እኔ ረስቼው ነበር። ያ ክፍል በልጅነቴ እንዲህ አይሞቅም ነበር።

ስለዚህ ወሰንን። አራቱ ዋንዛዎች ይቆያሉ፣ ይጠገናሉ። የበሰበሱት ሁለቱ ላይ እማዬ አልሙኒየሙን አልተወችም። እሺ አልኳት። ግን ተከፋች እንጂ ተንሸራታች አይሆንም። ሰውየውን ደውዬ ነገርኩት፤ ማጠፊያው ዋጋ ይጨምራል አለኝ፤ ይጨምር አልኩት። ለአልሙኒየሙ የተመደበው የቀረው ብር ኮርኒሱ ላይ ይውላል። አንድ የአቮካዶ ችግኝም ገዝተናል።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። በአራቱ ዋንዛዎች ላይ ጎማ ማስገባት እፈልጋለሁ። ቦዩን የት ላስቆፍር? ተከፋቹ ላይ ወይስ ፍሬሙ ላይ? ክረምት ሲያብጥ መስኮቱ አልዘጋ እንዳይል ፈራሁ።


መጋዝና መላጊያ፦

እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ፍሬሙ ላይ አስቆፍሪው፤ ተከፋቹ ሲዘጋ የሚያርፍበት ደረጃ ላይ። ተከፋቹን ከነካሽው ታሳሺዋለሽ፣ ቀጭን ነው። የቦዩ ጥልቀት 5 ሚሊሜትር ይበቃል። ጎማው ክፍት ቱቦ የሆነው ይሁን፣ ድፍኑን አትግዢ። ቱቦው ክረምት ይጨፈለቃል፣ በጋ ተመልሶ ይነፋል። ድፍኑ ግን መስኮቱን ይገፋዋል።

አሁን አትጀምሪው። እንጨቱ ውሃ እንደጠጣ ነው። ታኅሣሥ ይግባና ይድረቅ፤ ያኔ ለኪው፣ ያኔ ቁፈሪው። ስቱኮውን ግን ዛሬውኑ አስነስተሽ አሳድሺ። የታችኛዋ እንጨት ላይ ደግሞ ትንሽ አዘቅዝቀሽ አስላጊ፣ ላቡ እንዲወርድ። አባትሽ ምናልባት አድርጎት ይሆናል፤ በጣትሽ ዳስሺው።


የቆጪ ልጅ፦

አሁን ሄጄ ዳሰስኩት። አድርጎታል። በአራቱም ላይ።